ማድረቂያው ይዞራል፣ ግን አይሞቅም (ባሕር ዳር)

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል?

ሽምብጥ አካባቢ 8 ክፍል ያላት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። በበጋ ምንም አይቸግረኝም። አንሶላውን ጠዋት ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ ደርቆ ይታጠፋል። አሁን ግን ሐምሌ ነው። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት አለ። በረንዳ ላይ የሰቀልኩት አንሶላ በ3ኛው ቀንም ስነካው ይቀዘቅዘኛል። ሽታም ይይዛል። እንግዳ ሽታ ያለው አንሶላ ላይ አይተኛም፤ እኔም አላስተኛም።

ለዚህ ብዬ አምና ሰኔ ላይ ማድረቂያ ገዛሁ። ያገለገለ ነው፣ አገር ከሚለቅ ቤተሰብ ነው የወሰድኩት። 7 ኪሎ ይይዛል፣ የ220 ቮልት ነው፣ እርጥቡን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ዓይነት። ያለፈውን ክረምት ምንም ሳይል አሳለፈልኝ።

ከትናንት ወዲያ ግን ሙቀቱ ጠፋ። ከበሮው ይዞራል። መብራቱ ይበራል። ሰዓቱን ቆጥሮ ይጨርሳል። አንሶላው ሲወጣ ግን እንደገባ ነው፤ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ተጠማዞ ገመድ የመሰለ።

ዓርብ 6 ክፍል ተይዟል። ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት ራሴ ላየው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ካቻቢቴ · ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ አይዞሽ። እዚሁ ባሕር ዳር የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። "ይዞራል ግን አይሞቅም" የሚል ማሽን በየክረምቱ ይመጣልኛል። ከበሮው ከዞረ ሞተሩም ቺንጋውም የበሩ ማብሪያም ደህና ናቸው ማለት ነው። ችግሩ ያለው ከማሞቂያው መስመር ላይ ነው።

ከመፍታትሽ በፊት እነዚህን እዪልኝ። መምረጫው በስህተት "ቀዝቃዛ አየር" ላይ አለመሆኑን አረጋግጪ። ልጆች ወይም ሠራተኛ ነክተውት ይሆናል። በሩ አጠገብ ያለውን የብናኝ ማጣሪያ አውጥተሽ እዪ። ከዚያ ማሽኑን አስነሺና ወደ ውጭ ወጥተሽ እጅሽን ቱቦው መጨረሻ ላይ አድርጊ። አየሩ በኃይል ይመጣል ወይስ ይለሰልሳል? ከኋላው ደግሞ ትንሽ ቁልፍ ካለች፣ ስፒናውን ነቅለሽ ተጫኛት። አንዳንድ ማሽን ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋና በዚያች ቁልፍ ነው የሚመለሰው።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ሙቀቱ ከመጥፋቱ በፊት ለማድረቅ የሚፈጅበት ጊዜ ረዝሞ ነበር?

ዓባይ ማዶ · ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 3፡05

ቮልቱን ሳትለኪ ምንም አትፍቺ። በእኛ ሰፈር ማታ ማታ ኮረንቲው በጣም ይወርዳል። የማሞቂያ ነገር ደግሞ ቮልት ሲቀንስ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ነው የሚቀንሰው። በ220 ቮልት 2,200 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ 180 ቮልት ሲያገኝ ወደ 1,470 ዋት ይወርዳል። ሲሶው ሄደ ማለት ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮረንቲ ሲደክም ምጣዱ ይበራል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም።

ካቻቢቴ · ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 3፡12

ልክ ነህ ወንድሜ፣ መለካት አለበት። ግን ቮልት ሲወርድ ማድረቂያው ይዘገያል እንጂ ጭራሽ አይቀዘቅዝም። እሷ የምትለው አንሶላው ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ተቆርጧል።

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አየሁት። መምረጫው ትክክል ነው። ማጣሪያውን በየቀኑ ነው የማጸዳው፣ ንጹሕ ነው። ቁልፍ የምትባል ነገር ከኋላው የለችም። ጎረቤቴ በቴስተር ሶኬቱን ለካልኝ፣ 212 ቮልት ነው።

አየሩ ግን ደካማ ነው። እጄን ሳስጠጋ እንደ ሰው እስትንፋስ ነው የሚሰማኝ። ማሽኑ ሲያረጅ እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጊዜውን በተመለከተ አዎ፣ ረዝሞ ነበር። አምና በ1 ሰዓት ያደርቅ የነበረውን ዘንድሮ ሰኔ ላይ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ጀመር። ዝናቡ ነው ብዬ ነበር።

ከሜሪላንድ · ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 4፡20

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው። እኔም ቤት ባለፈው ወር ልክ እንዲህ ሆነ። ይዞራል፣ አይሞቅም። እዚህ ማድረቂያ የሚሠራው በ2 የ120 ቮልት መስመር ነው፣ ተደምረው 240 ይሆናሉ። ሞተሩ አንዱን መስመር ብቻ ይዞ ይዞራል። ማሞቂያው ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። የእኔ ከ2ቱ ብሬከር አንደኛው ወድቆ ነበር። መልሼ ሳነሣው ሞቀ። ብሬከርሽን አይተሻል?

ካቻቢቴ · ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 6፡40

ወንድሜ ያልከው ለእናንተ አገር ማሽን ትክክል ነው። የእሷ ግን በአንድ ፌዝ፣ ማለትም በአንድ መስመር ብቻ፣ በ220 የሚሠራ ነው፤ ብሬከሩ ቢወድቅ ከበሮውም ቀጥ ይል ነበር።

እግረ መንገዴን ግን ልለምንህ። ለዘመድ ብላችሁ የአሜሪካን ማድረቂያ በኮንቴይነር አትላኩ። ማሞቂያው በእኛ 220 ይሠራል። ሞተሩና ሰዓቱ ግን 120 ቮልት ነው የሚፈልጉት። ያንን የማያውቅ ሰው ሲያገናኘው ሞተሩ ያንኑ ቀን ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ቢሠራ እንኳ ሞተሩ የለመደው 60 ኸርትዝ ነው፣ የእኛ 50 ነው። ይዘገያል፣ ይግላል። ሁለት ቤት ገጥሞኛል፣ ሁለቱም ቤት ማሽኑ አሁን ዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። ደካማ አየርና የረዘመ ጊዜ ያልሽው ነገር ዋናውን ነግሮኛል። ለማንኛውም ባለሙያ ስትጠሪ ምን መለካት እንዳለበት ልጻፍልሽ፣ አጠገቡ ቆመሽ እዪ።

መጀመሪያ ስፒናው ይነቀላል። ብሬከር ማውረድ ብቻውን አይበቃም። የኋላውን ቆርቆሮ ሲፈታ የማሞቂያውን ቤት ያገኛል። ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ከምጣድ ሬዚስታንስ ጋር አንድ ነው፣ የተጠቀለለ ሽቦ። አንዱን ገመድ ከጫፉ ነቅሎ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ይለካው። 2,200 ዋት ከሆነ 22 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ደግሞ አንዱን ጫፍ ሬዚስታንሱ ላይ፣ ሌላውን ቆርቆሮው ላይ ያድርግ። እዚያ ካነበበ ሽቦው ገላውን ነክቷል፣ ማሽኑ እንዳይነካ።

ሬዚስታንሱ ደህና ከሆነ በዚያው መስመር ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ክብ ነገሮች ይለካ። አንዱ ቴርሞስታት ነው። ሲግል ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ሌላው የሙቀት ፊውዝ ነው። እሱ አንዴ ከቆረጠ አይመለስም፣ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። በአንዳንድ ማሽን ፊውዙ ሲሄድ ሞተሩም ይቆማል፤ በሌላው ሙቀቱ ብቻ ነው የሚጠፋው። የአንቺ ሁለተኛው ይመስለኛል።

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡10

ተሠራ! ባለሙያ መጥቶ ነበር። ልክ እንዳልከው ሬዚስታንሱን ለካው፣ 23 አነበበ። የሙቀት ፊውዙ ነው የተቃጠለው። ሌላ ፊውዝ ገበያ ላይ አይገኝም ብሎ ሁለቱን ገመድ አገናኘልኝ። "ሴፍቲዋን ዳይሬክት አድርጌልሻለሁ፣ ምንም አትሆኚም" አለኝ። አሁን በደንብ ይሞቃል። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጣል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለዓርብ ደረሰልኝ።

ጡረተኛው መካኒክ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡25

ልጄ፣ ይህን ስታነቢ መጀመሪያ ሂጂና ስፒናውን ንቀይ። ከዚያ ተመለሺና ቀሪውን አንብቢ።

እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የጥጥ ብናኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሲያዩት ለስላሳ ነው፣ እንደ ጉም ነው፣ ማንም አይፈራውም። ሲነድ ግን ክብሪት አይደርስበትም። በየፈረቃው ብናኙን ከሞተሩ ላይ፣ ከመብራቱ ላይ፣ ከገመዱ ላይ እንጠርግ ነበር። አንድ ፈረቃ ከዘለልን አለቃችን አያስተኛንም። ያን ጊዜ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስንት ሰው በሕይወት ወደ ቤቱ የገባው በእሱ ምክንያት ነው።

ማድረቂያሽ ውስጥም ያለው ያው ብናኝ ነው። ከአንሶላሽ የሚረግፍ ጥጥ። የጋለው ሬዚስታንስ ከእሱ ጥቂት ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። ያቺ ፊውዝ በሁለቱ መካከል የቆመች ዘበኛ ናት። ሰውየው ዘበኛዋን አሰናብቶ በሩን ክፍት ትቶልሽ ነው የሄደው። ከበፊቱ ይበልጥ ሞቀ ያልሽው ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ቤትሽ ውስጥ እንግዳ ይተኛል። እባክሽ።

ፈጣኑ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አስፈራሯት። እኔ የልብስ ንጽሕና ቤት አለኝ። ዳይሬክት አድርጌ ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን ጭስ አላየሁም። ቴርሞስታቱ አለ አይደል? እሱ ይቆርጣል። ዕቃው ካልተገኘ ሥራ ይቁም?

ካቻቢቴ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡35

ወንድሜ፣ ዕቃ የማጣቱን ችግር እኔም በየቀኑ እኖረዋለሁ፣ አልፈርድብህም። ነገር ግን ቴርሞስታቱ ራሱ የሚሠራው በምንድን ነው? በውስጡ ባለች ትንሽ ብረት ነው። ስትግል ትታጠፍና ትለቃለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለስና ትነካለች። በነካች ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። አየር በደንብ ሲያልፍ ብዙም አትደክምም። አየር ሲታፈን ግን በየደቂቃው ትቆርጣለች፣ ትመልሳለች። አንድ ቀን እዚያው ተጣብቃ ትቀራለች። ያን ጊዜ ሬዚስታንሱን የሚያስቆመው ፊውዙ ብቻ ነው። የአንተ ማሽን ያንን ቀን ገና አላየውም።

እህቴ፣ ጋሼ ያሉትን ስሚ። እኔም አጥፍቻለሁ፤ "ፊውዙ ይቀየራል" ብዬ ብቻ አለፍኩ። ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው። የሙቀት ፊውዝ በእርጅና ብቻ የሚቃጠልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር አቃጥሎት ነው። ያንን ነገር ሳታገኚ አዲስ ፊውዝ ብታስገቢ እሱም በሳምንቱ ይሄዳል። አየርሽ ደካማ ነው ብለሻል። መንገዱ የታፈነበትን ቦታ ፈልጊ። ቱቦውን ከማሽኑ ጀምረሽ እስከ ግድግዳው ማዶ ድረስ በእጅሽ እዪው።

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡50

ነቅዬዋለሁ ጋሼ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ጠዋት ሲነጋ ቱቦውን አየዋለሁ።

እናት ዓለም · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡30

የኔ እመቤት፣ ለዓርቡ አትጨነቂ። እኔ ማድረቂያ ኖሮኝ አያውቅም፣ 4 ልጅ በባሕር ዳር ክረምት አሳድጌአለሁ። አንሶላውን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ሁለት ጊዜ ጭመቂው። ከዚያ ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግተሽ ስቀዪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ቬንትሌተር ካለሽ ወደ አንሶላው አዙሪ። ሳይደርቅ ገና ነፈስ ሲል በካውያ ተኩሺው። ጨርሶ የሚደርቀው ካውያው ላይ ነው። ሽታ የሚባል ነገር አይኖረውም።

ዓባይ ማዶ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡45

እናቴ ያሉት ሁለት ጊዜ መጭመቅ ማድረቂያው ሲሠራም ይጠቅማል። 1 ሊትር ውኃ ለማትነን ብቻ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ማጠቢያው ጨምቆ የሚያወጣው ውኃ ግን በጣም ርካሽ ነው። 7 ኪሎ ልብስ ላይ የ1 ሊትር ልዩነት በቀላሉ ይመጣል።

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 2፡20

አገኘሁት።

ማሽኑን ከግድግዳው ሳብኩት። ቱቦው ከማሽኑ በኩል ትንሽ ተጨፍልቆ ነበር፣ እሱን አቃናሁት። ውስጡን በባትሪ ሳየው ግድግዳው ላይ ብናኝ አለ፣ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ትንኝ በበዛ ጊዜ፣ በቱቦው በኩል ትንኝ እንዳይገባ ብዬ መውጫው አፍ ላይ የመስኮት ወንፊት አሥሬበት ነበር። ወባ ያለበት አገር ነን፣ ለእንግዶቼ ብዬ ነው ያደረግኩት። ክረምቱ ስላለፈ ማድረቂያውን አቆምኩት። ወንፊቱን ረሳሁት።

ዛሬ ወንፊቱ አይታይም። ከውስጥ በኩል ብናኝ ተጋግሮበታል። ሽቦውን ፈትቼ ሳወጣው አንድ ላይ እንደ ባና ተላቀቀ። ግራጫ ነው፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣቴን ያህላል፣ እርጥብ ነው። ከውጭ በኩል የወንፊቱ አይኖች አንድ በአንድ ታትመውበታል። በመሐሉ የአልጋ ልብሶቼን ሰማያዊ ክር አየሁ።

ከበላዩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ማሽኑ በእሷ ነው ሲተነፍስ የከረመው።

ካቻቢቴ · ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 2፡40

እሱ ነው እህቴ። ሌላ አትፈልጊ። ወንፊት የማድረቂያ መውጫ ላይ ፈጽሞ አይደረግም፣ ብናኝ ይይዛል። ለትንኝ ከፈለግሽ አየሩ ሲገፋው የሚከፈት፣ ማሽኑ ሲቆም በራሱ ክብደት የሚዘጋ ክዳን አለ። ከሌለ ቆርቆሮ ሠሪ ጋር ሂጂና 10 ሳንቲ ሜትር አፍ ለክተሽ አሠሪው። ክዳኑ ቀላል ይሁን።

ፊውዙን ደግሞ አሮጌውን ጥለሽው ከሆነ ከቆሻሻው አውጪው። ላዩ ላይ ዲግሪውና አምፔሩ ተጽፏል። ሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። ዲግሪው ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ዳይሬክት ከማድረግ ብዙም አይለይም። የምጣድ ወይም የካውያ ፊውዝ ይሆናል የሚልሽ ሰው ካለ እምቢ በይ። ቴርሞስታቱንም አብረሽ ቀይሪው። ስንት ጊዜ ሲቆርጥና ሲመልስ እንደከረመ አስቢው።

ፈጣኑ · ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 5፡15

የእኔንም ከፍቼ አየሁት። የማሞቂያው ቤት ጥግ ላይ የጠቆረ ብናኝ አለ። የጠቆረ ነው የምላችሁ። አጥፍቼዋለሁ። ጋሼ፣ ትናንት ለተናገርኩት ይቅርታ። እህቴ፣ ፊውዙን የምታስመጪ ከሆነ ለእኔም አብረሽ እዘዢልኝ፣ ቁጥሩን በውስጥ እልክልሻለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ · ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 6፡00

ይቅርታ አያስፈልግም ልጄ። እንኳን ከፈትከው።

ሁለታችሁም የኋላውን ከከፈታችሁ አይቀር ሙሉውን ውስጡን አጽዱት። በአየር መንፊያ ብቻ አትንፉት፣ ብናኙ ሄዶ ሌላ ጥግ ይገባል። በቫኪዩም ሳቡት። ያ ከሌለ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ወደ አንድ ጎን እየጠረጋችሁ በእጅ አውጡት። ሬዚስታንሱን ብሩሹ አይንካው፣ ያረጀ ሽቦ ይሰበራል። ከሞተሩ ሥር ያለውን አትርሱ፣ ብዙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

የሐይቅ ዳሯ · ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ 1፡40

ዘግይቼ ነው የተመለስኩት። ዓርብን እናት ዓለም ባሉኝ መንገድ አለፍኩት። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስተኩስ ነበር፣ ግን 6ቱም ክፍል ደረቅ አንሶላ ላይ ተኛ። እናቴ፣ እድሜ ይስጥዎት።

ፊውዙና ቴርሞስታቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። አሮጌውን ፎቶ አንሥቼ ልኬ፣ ቁጥር በቁጥር ተመሳክሮ ነው የመጣው። የገጠመልኝ ሌላ ባለሙያ ነው። ያገናኙትን ገመድ አስፈትቼ፣ ፊውዙ ቦታው መግባቱን በዓይኔ አይቼ ነው ማሽኑን ያስዘጋሁት። ከውስጡ የወጣው ብናኝ ግማሽ ፌስታል ሞላ።

ክዳኑን ቆርቆሮ ሠሪ ሠራልኝ። ዛሬ 4 አንሶላና 8 የትራስ ልብስ አስገብቼ ሰዓት ያዝኩ። በ55 ደቂቃ ደረቀ። ውጭ ዝናብ እየዘነበ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል፣ ከሥሩ እንፋሎቱ እየወጣ ነው። እጄን ሳስጠጋ ይገፋኛል።

ፊውዙን 2 ነው የገዛሁት። አንዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ካቻቢቴ · ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ 1፡55

ጎበዝ እህቴ። ያቺን መሳቢያ ለመክፈት ያበቃሽ ቀን መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጪና እጅሽን ክዳኑ ሥር አድርጊ።